«ለዒድ ይደርሳል» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ረመዷን መተማ ዮሐንስም ሆነ ገንዳ ውኃ ስንሰማው የከረምነው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ቀብድ ከፍለን የዒድ ልብሱ አልደረሰልንም» የሚል። ሻጮቹ በቴሌግራም ትእዛዝ ተቀብለው ከቻይና የሚያስመጡ የራሳችን ወጣቶች ናቸው። መልሳቸውም አንድ ነው፦ «ቻይና በዓል ሆኖ ፋብሪካው ተዘጋ።»

መዘጋቱ እውነት ነው። የቻይናዎች አዲስ ዓመት የዋለው የካቲት 10 ቀን 2018 ሲሆን ረመዷንም የገባው በዚያው ሳምንት ነው። መንግሥታቸው የሰጠው ዕረፍት 9 ቀን ቢሆንም ሠራተኛው ቀደም ብሎ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል፤ ከበዓሉ በኋላም ቶሎ አይመለስም። ፋብሪካው ለሳምንታት ይቆማል። ከበዓሉ በፊት ሁሉም ዕቃውን ለመጫን ስለሚሻማ የመርከብ ዋጋ ይወደዳል፤ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ጭነት ስለሚያንስ የመርከብ ድርጅቶች ጉዞ ይሰርዛሉ። ከዚያ ጅቡቲ፣ ሞጆ፣ አዲስ አበባ፣ ጎንደር እያለ ነው ዕቃው እኛ ጋ የሚደርሰው። ከጎንደር ወዲህ ያለውን መንገድማ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ነገር ግን በዓሉ ድንገት የመጣ አይደለም። ቀኑ ከዓመታት በፊት የታወቀ ነው። የሚቀጥለው ጥር 29 ቀን 2019 ይውላል፤ ረመዷንም በዚያው ሰሞን ይጠበቃል። በ2020ም ጥር ላይ ይገጣጠማሉ። (የእነሱም ወር እንደ ሂጅራው ጨረቃን ይከተላል። በየሦስት ዓመቱ ገደማ አንድ ወር ስለሚጨምሩ ከ2021 ጀምሮ ይራራቃሉ።) ስለዚህ ጥር ላይ ቀብድ ተቀብሎ መጋቢት ላይ «በዓል ሆነብኝ» ማለት ለእኛ አይዋጥልንም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ላልደረሰ ፍሬ አስቀድመው ይከፍሉ ነበር። አልከለከሏቸውም፤ መጠኑም ጊዜውም የታወቀ እንዲሆን ግን አዘዙ። ዑለሞች «ሰለም» የሚሉት ሽያጭ ይህ ነው። ቆላውም አያጣውም፤ ሰሊጥ ሳይታጨድ ገንዘብ መቀበል፣ ከጋላባት ማዶ «ሸይል» የሚሉት፣ ለእኛ አዲስ አይደለም። በዋጋው ገበሬው መጎዳቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቢያንስ ግን ሰሊጡ መቼ እንደሚታጨድ ሁለቱም ያውቃሉ። የኮንቴይነሩን ነገር የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ለልጆቿ ልብስ ያዘዘች እናት የቻይናን በዓል ከየት ትሰማ?

ቀብዱ ራሱም ጥያቄ አለው። ብዙኃን ዑለሞች በሰለም ውል ዋጋው በሙሉ እዚያው እንዲከፈል ይጠይቃሉ፤ የእኛ ልጆች የሚቀበሉት ግማሹን ነው። ውላችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ለአካባቢያችሁ ዓሊም አሳዩ።

ለመጪው ዒድ የሚያዝ ሰው ከኅዳር ባያሳልፍ ይሻለዋል። የዘገየ ሰው ወጪውን ችሎ በአውሮፕላን ያስመጣ፤ ካልሆነም ማስታወቂያው ላይ «ከዒድ በኋላ ነው የሚደርሰው» ብሎ ይጻፍ። ደንበኛ ይቀንስበት ይሆናል፤ ይቀንስ። ቀኑ አልፎ ገዢው ገንዘቡን ከጠየቀ ደግሞ «ገንዘብህ ዕቃው ላይ ነው» እያሉ ማመላለስ የለም። ያለፈው ዒድ ቀብድ እስካሁን እጃችሁ ላይ ያለ ወንድሞችና እህቶች፣ እነሱ እስኪደውሉ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ደውሉላቸው።