እዚህ የማይበቅለውን እንጆሪ ለምን አስተምራለሁ?



ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «እዚህ ካኩማ እንጆሪ አይበቅልም። ታዲያ መምህሩ ልጆቻችንን ሦስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለ እንጆሪ የሚያስተምራቸው ለምንድን ነው? በዚያ ጊዜ ሒሳብ ቢሠሩበት አይሻልም ነበር?» ብዙ ሰው አጨበጨበላቸው። እኔ በዕለቱ በቂ መልስ አልሰጠሁም። ሰው ፊት ቆሜ ስናገር ሐሳቤ ይበታተናል፤ ስጽፍ ይሻለኛል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእኚያ አባትና ላጨበጨቡት ሁሉ መልሴ ነው።

በመጀመሪያ አባትየው የተናገሩት እውነት መሆኑን ልመስክር። ይህ ተክል ብርድ ይወዳል። ፈረንጆች ራስበሪ የሚሉት ዓይነትማ በብርዱ ወራት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ በመቶዎች ለሚቆጠር ሰዓት ካላገኘ በደንብ አያብብም። እኛ ደግሞ ቀን ቀን ከ35 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ውስጥ ነው የምንኖረው። ስለዚህ በየደጃፋችሁ እንጆሪ ትከሉ ብዬ አልመከርኩም፣ አልመክርምም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት ለተማሪዎቹ ወረቀት አድዬ «እንጆሪ ሣሉ» አልኳቸው። ከአንዷ በስተቀር ሁሉም የሣሉት በብስኩትና በጭማቂ መያዣ ላይ የሚታየውን፣ የልብ ቅርጽ ያለውን ቀይ ፍሬ ነው። እርግጥ እርሱም በአማርኛ እንጆሪ ይባላል፤ መሬት ላይ ተንሰራፍቶ የሚበቅለው ስትሮቤሪ ነው። እሾሃማውን፣ በደጋው አገራችን በየአጥሩ፣ በየወንዙ ዳርና በየጫካው ጥግ የሚወጣውን እንጆሪ ግን አላወቁትም። ቁጥቋጦ የሣለችው ያቺ አንዲት ልጅ በስድስት ዓመቷ ከእናቷ ጋር የመጣች ናት። የቀሩት እዚሁ የተወለዱ ናቸው። በልጆቹ አልፈርድም። እኛ አዋቂዎቹ ማታ ማታ ተሰብስበን ስለ አገር ስናወራ ስለ ጦርነቱና ስለ ሹማምንቱ እናወራለን እንጂ በአጥራችን ላይ ምን ይበቅል እንደነበር ለልጅ የሚነግር ማን አለ?

ለማያውቁት ላስተዋውቅ። የሳይንስ ሰዎች ይህን እንጆሪ ሩቡስ ከሚሉት ወገን ይመድቡታል። ራስበሪም ብላክቤሪም የዚሁ ወገን ናቸው፤ ሁሉም ከጽጌረዳ ጋር ይዛመዳሉ። ከአገራችን ዓይነቶች አንዱ ሩቡስ ስቱድነሪ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን ከመጣው ስቱድነር ከተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። እረኞቻችን ግን ስቱድነር ከመምጣቱ በፊትም ይበሉት ነበር።

የእንጆሪን ጠባይ እኔ የተማርኩት በዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲውንም ቢሆን በሁለተኛው ዓመት አቋርጬ ነው የወጣሁት። የተማርኩት ከጥፋቴ ነው። በእናቴ ጓሮ፣ በአጥሩ ጥግ አንድ ትልቅ የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነበር። ታናናሾቼ ፍሬውን በጣሳ እየለቀሙ መንገድ ዳር ይሸጡና ደብተር ይገዙበት ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት ላስደስታት ብዬ ማጭድ አነሣሁና ዘንጎቹን አንድም ሳላስቀር ከሥራቸው አጨድኳቸው። አጥሩ አማረ። እናቴም ስትመለስ አይታ ዝም አለች። በተከታዩ ወቅት አዲስ ዘንግ በብዛት ወጣ፤ ቅጠሉም ለመለመ፤ ፍሬ ግን አንዲትም አልነበረችም። የዚያ ዓመት የደብተር ገንዘብ ከሌላ ቦታ ተፈለገ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የእንጆሪ ሥር ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ ዘንጉ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፣ ቅጠል ያወጣል። በሁለተኛው ዓመት ያብባል፣ ያፈራል፣ ከዚያም ይደርቃል። ስለዚህ የሚቆረጠው አፍርቶ የጨረሰው ዘንግ ብቻ ነው። እርሱም ቡናማና ደረቅ በመሆኑ ይለያል። አረንጓዴውን የነካ ሰው የሚመጣውን ዓመት ፍሬ ቆረጠ ማለት ነው፤ እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከአዲሶቹ ውስጥ ቀጫጭኖቹና ደካሞቹ ይወገዳሉ፣ ጠንካሮቹ ይቀራሉ። በዚያው በበቀሉበት ዓመት በዘንጋቸው ጫፍ ላይ የሚያፈሩ የራስበሪ ዝርያዎችም አሉ፤ በኒው ዮርክ ተዳቅሎ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ሄሪቴጅ» የሚባለው አንዱ ነው። እነርሱን በብርዱ ወራት ከመሬት እኩል ቢያጭዷቸው አይቀየሙም። የእናቴ ግን ያ ዓይነት አልነበረም።

አተካከሉ ከባድ አይደለም። ፀሐይ የሚያገኝና ውኃ የማያቁር ቦታ ይመረጣል፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ለራስበሪ በተክልና በተክል መካከል ግማሽ ሜትር ያህል፣ በመስመርና በመስመር መካከል ሁለት ሜትር ያህል ይተዋል። በመስመሩ ዳርና ዳር እንጨት ተተክሎ ሽቦ ይወጠርና ዘንጉ ይታሰርበታል። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ዙሪያውን በዶማ መቆፈር ይጎዳዋል፤ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ማልበስ ይበቃል፤ አረሙንም ያፍናል፣ ርጥበቱንም ይጠብቃል። አባዛዙ ደግሞ ደስ ይላል። ራስበሪ ከሥሩ ዙሪያ ልጆች ያወጣል፤ ቆፍሮ ወስዶ መትከል ነው። የሚጋደመው የብላክቤሪ ዓይነት ግን ጎንበስ ብሎ ጫፉ አፈር ሲነካ እዚያው ሥር ይሰድዳል። ችግኝ ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ሰው ከጎረቤቱ አንድ ዘንግ ለምኖ የጓሮውን ጥግ ሊሞላ ይችላል።

ለቀማው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ራስበሪ ሲበስል በጣት ቀስ ብለው ቢስቡት ይላቀቃል። ነጩ እምብርት ተክሉ ላይ ይቀርና ፍሬው እንደ ትንሽ ቆብ ውስጡ ባዶ ይሆናል። እንቢ ካለ አልደረሰምና መተው ነው። ብላክቤሪ ግን እምብርቱን ይዞ ይመጣል። እርሱ ጠቁሮ ሲያብረቀርቅ የበሰለ ይመስላል፤ ሲቀምሱት ይጎመዝዛል። ጥቂት ቀን ታግሠው ማብረቅረቁ ደብዘዝ ሲል ነው ጣፋጭ የሚሆነው። ሁለቱም ከተለቀሙ በኋላ እንደ ሙዝ ቤት ውስጥ አይበስሉም። የሚለቀሙት ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይከር ነው። ዕቃው ጠፍጣፋ ይሁን፤ በጥልቅ ዕቃ ከሆነ የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቀዋል። የታናናሾቼ ጣሳ ከሥሩ ሁልጊዜ ጭማቂ ይሆን የነበረው ለዚህ ነው። ሊበሉት ሲሉ ካልሆነ በቀር አይታጠብም፤ ርጥበት ቶሎ ያሻግተዋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም። በየሱቁ ውድ የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ ጓሮው ውስጥ አንድ መስመር ያለው ሰው ግን በነፃ ይበላዋል።

ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሲያትል የገባ አንድ የቀድሞ ተማሪ በስልክ ሲያወራኝ፣ «መምህር፣ እናንተ እንጆሪ የምትሉት እዚህ በየመንገዱ ዳር ሞልቷል፤ ሰዎች እንደ አረም ይነቅሉታል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሉተር በርባንክ የተባለ አሜሪካዊ የአትክልት አዳቃይ በ1885 (እ.ኤ.አ.) «ሂማላያ» ብሎ ያስፋፋው ብላክቤሪ ነው፤ ስሙ ሂማላያ ይሁን እንጂ ምንጩ የአርመንና የሰሜን ኢራን አካባቢ ነው። ዛሬ በዚያ አገር ጓሮና ወንዝ ዳር እየወረረ አስቸግሯል። ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም እነግራችኋለሁ፦ መንገድ ዳር ያለውን አትብሉ፤ የአረም መርዝ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። በራስ ጓሮ ያለውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ «የማን ጓሮ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። በጃንዋሪ 2025 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ ሲያግድ ፕሮሰስ ጨርሰው ጉዞ ሲጠብቁ የነበሩ ቤተሰቦች ሻንጣቸውን መልሰው ፈቱ። ከእነዚያ ቤቶች የሚመጡ ልጆች ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠዋል። እነዚህ ልጆች ነገ ወዴት እንደሚሄዱ እኔም፣ እናንተም፣ ቢሮ የተቀመጡትም አናውቅም። ወደ ብርድ አገር ሊሄዱ ይችላሉ። ወደ ደጋው አገራቸው ሊመለሱ ይችላሉ። እዚሁ ኬንያ ውስጥ ወደ ቀዝቃዛው ደጋ ለሥራ ሊወጡም ይችላሉ። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን እንጆሪ አለ። እዚሁ ከቀሩ ደግሞ፣ ዘንግ ከመቁረጣቸው በፊት የትኛው አፍርቶ እንደጨረሰ፣ የትኛው ገና እንደሚያፈራ ማየት ለማንኛውም ዛፍ ይጠቅማቸዋል። ስለ ሒሳቡም፣ በአሥር ሜትር መስመር ላይ በግማሽ ሜትር ርቀት ስንት ተክል ይተከላል ብዬ ጠይቄ ከክፍሉ ሃያ አንድ ብለው የመለሱት አራት ብቻ ናቸው። የቀሩት ሃያ አሉ። ስለዚህ ሒሳብም እየሠራን ነው።

ሌላም ልንገራችሁ። በአማርኛ እንጆሪ የምንለው ሦስተኛ ተክል አለ፤ ቅጠሉን የሐር ትል የሚበላው ዛፉ ነው። እርሱ ውኃ ካገኘ ሙቀት ይችላል፤ ከቅርንጫፍ ቁራጭም ይበቅላል። በትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ፣ የሚፈስሰው ውኃ በሚሄድበት፣ ሦስት ቁራጭ ተክለን ሁለቱ ይዘዋል። ሦስተኛውን ፍየል በላው። ልጆቹ ለቀማውን፣ የደረሰውን ካልደረሰው መለየቱን የሚለማመዱት በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ስለዚህ ወላጆች የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። የሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእርሻ ክፍለ ጊዜ አለን። በአገሩ ሳለ እንጆሪ የለቀመ፣ ወይም በአጥሩ ላይ የነበረው ሰው፣ እናትም ሆኑ አባት፣ መጥቶ ለልጆቹ ይንገራቸው፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እንዳለ እገምታለሁ። በስብሰባው የጠየቁኝ አባትም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ንግግራቸው የደጋ ሰው ያስመስላቸዋል። ሁለተኛው፣ ሁለቱን ችግኞች ለማጠር እሾህ ያስፈልገናል። ከየቤቱ አንድ አንድ እቅፍ ቢመጣ ይበቃል፤ ፍየሎቹ አሁንም በዚያው ያልፋሉ።