ከአፉላ የሚላከው ገንዘብና የስልክ ውርርድ

እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ ቤቲንግ መጻፍ የሩቅ ሀገር ጉዳይ ማንሳት ሊመስል ይችላል። አይደለም። እዚህ በጽዳትና በፋብሪካ ሥራ ተለፍቶ፣ ጎንደር ለቀሩ ዘመዶች የሚላክ ገንዘብ አለ። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ለውርርድ እንደሚውል ማሰብ ያስጨንቀኛል።

አንዲት ጎረቤቴ ለወንድሟ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ልካለት ነበር። ክፍያውን ከፍሎ እንደሆነ ደውላ ስትጠይቀው አጠገቧ ነበርኩ። «አክስቴ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያቃጠለኝ» አላት። የቆረጣቸውን ትኬቶች ፎቶ በዋትሳፕ ላከላት፤ 20 ብር፣ 50 ብር፣ 30 ብር እያለ ይወርዳል። አንዱ ትኬት የዘጠኝ ጨዋታዎችን ውጤት አንድ ላይ ያሰረ ነው፤ ስምንቱን አግኝቶ አንዱን ቢስት ሁሉም ይቃጠላል። «ለምን አልነገርከኝም ልጄ?» አለችው፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

እዚህ እስራኤል ውስጥ ከሚፋል ሃፓይስ ሎተሪና እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው ሕግ ከሚተዳደረው የስፖርት ውርርድ ቶቶ በቀር ቁማር ማጫወት ወንጀል ነው። ሎተሪው በየኪዮስኩ የተከላቸው የቁማር ማሽኖች ግን ድሃውን ሠፈር ያራቁታሉ ተብሎ ብዙ ጩኸት ተነሣ፤ የወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ሞሼ ካህሎን ጉዳዩን ገፍተውበት በ2016 መጨረሻ ማሽኖቹ ተነሡ። የሎተሪው ትርፍ ትምህርት ቤትና የማኅበረሰብ ማዕከል ይሠራል፤ በየሕንጻው ላይ ስሙ ተለጥፎ እናያለን። ያም ሆኖ ገቢው ማሽኖቹን ለማቆየት ምክንያት አልሆነም። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለአወራራጅ ድርጅቶች ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። ዕድሜው 21 ያልሞላው እንዳይወራረድም ተከልክሏል። ቤቲንግ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ልጁን ሊመልሰው ይችል ይሆናል፤ በእናቱ ስልክ፣ በቴሌብር ሲቆርጥ ግን ማን ያየዋል? ለዚህ ነው ቤቲንግ ቤቱን ማሸግ ብቻ የማይበቃው። ኬንያ በ2019 የበርካታ አወራራጅ ድርጅቶችን ፈቃድ አላድስም ስትል፣ በኤምፔሳ የሚቀበሉት ክፍያም እንዲቋረጥ አዛለች። ገንዘቡ የሚያልፍበትን መንገድ መያዝ ይቻላል ማለት ነው።

ፈቃድ ሰጪው እያንዳንዱ የውርርድ አካውንት ከፋይዳ መታወቂያ ጋር እንዲያያዝ፣ በቀን ማስያዝ የሚቻለው ገንዘብም ጣሪያ እንዲኖረው ያስገድድ። እኛም አፉላ ያለን፣ የትምህርት ክፍያ ስንልክ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ እናስገባ፤ ልጆቹንም ሳንቆጣ እንጠይቃቸው።