አምፖል ስንገዛ ምን እንጠይቅ?

የቤት አምፖል በተቃጠለ ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ልጆች አንዱ ነው። ልጁ የተቃጠለውን አምፖል ይዞ ይሄዳል፤ ባለሱቁ «ስንት ዋት?» ሲል ይጠይቀዋል፤ ልጁም አንድ ቁጥር ይናገራል፤ ከዚያም ነገሩ ወደ ዋጋ ይዞርና ርካሹ ተገዝቶ ይመጣል። ከእናንተም መካከል ይህን መንገድ ያልተመላለሰ የሚገኝ አይመስለኝም። በዚህ አጭር ንግግር የተነሡት ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የዋትና የዋጋ። በበኩሌ ሁለቱ ተደምረው እንኳ አንድ አምፖል ለመምረጥ አይበቁም እላለሁ። የዋቱ ጥያቄማ ጊዜው አልፎበታል።

ዋት አምፖሉ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል ይለካል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይለካም። ቤቶች ሁሉ ሽቦው በሚግል አምፖል ይበሩ በነበረበት ዘመን ዋትና ብርሃን ተያይዘው ይሄዱ ስለነበር፣ «60 ዋት» ያለ ሰው ምን ያህል ብርሃን እንደሚያገኝ በልማድ ያውቅ ነበር። ያ አምፖል ግን ከወሰደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ወደ ብርሃን የሚለወጠው ጥቂቱ ብቻ ነው። ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው የዛሬው አምፖል ሽቦ አያግልም፤ ኤሌክትሪኩ ሴሚኮንዳክተር በተባለ ጠጣር ነገር ውስጥ ሲያልፍ በቀጥታ ብርሃን ይወጣል። በቤታችን የምናየው ነጭ ብርሃንም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሰማያዊ ብርሃን ቢጫ ቅብ አልፎ ሲወጣ ነው። ያን ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ያስገኙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው። የቀድሞው 60 ዋት አምፖል ይሰጥ የነበረውን 800 ያህል ሉመን የዛሬው አምፖል በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። እንግዲህ «ስንት ዋት?» ተብሎ ሲጠየቅ የልጁ መልስ «ስንት ሉመን ይሰጣል?» መሆን ነበረበት።

ይህን የምለው እኔ ራሴ ተሳስቼ ከተማርኩ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ባለው ቤታችን ሳሎን ኮርኒስ ውስጥ ስድስት ስፖት መብራቶች አሉ። ቀድሞ የነበሩት እያንዳንዳቸው 50 ዋት የሚወስዱ የሃሎጅን አምፖሎች ነበሩ። ስድስቱ በቀን አራት ሰዓት ሲበሩ በ30 ቀን 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በአምስት ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ቢተኩ ግን ፍጆታው 3.6 ብቻ ይሆናል። በአገራችን ፍጆታ በጨመረ መጠን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ ጥቅሙ ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ሱቅ ሄጄ ከሁሉ የረከሰውንና ከሁሉ የነጣውን ስድስቱን ባንድ ጊዜ ገዛሁ።

ምሽት ላይ መብራቱ ሲበራ ሁላችንም ተደሰትን። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። እናቴ እንደ ልማዳቸው ምስር ሊለቅሙ ተቀምጠው ሳለ፣ «ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል፤ ጠጠሩን ግን አላሳየኝም» አሉ። ልጄም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ስታጠና የገዛ ራሷ ጥላ ደብተሯ ላይ እየወደቀ አስቸገራት። ሁለት ወር ሳይሞላም አንዱ አምፖል ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ቀጥሎም ሁለቱ ጠፉ።

ጥፋቱ የት ላይ ነበር? በመጀመሪያ ያልጠየቅሁት ስለ ብርሃኑ ስፋት ነው። ስፖት መብራት ብርሃኑን በሁሉም አቅጣጫ አይበትንም፤ በተወሰነ ማዕዘን ይወረውራል። የእኔዎቹ 24 ዲግሪ ነበሩ። ከኮርኒሱ እስከ ጠረጴዛችን 1.85 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ 80 ሳንቲሜትር የማይሞላ ክብ ይሠራል፤ ከዚያ ውጭ ጨርሶ ባይጠፋም ይደክማል። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ቢሆን ክቡ ከ2 ሜትር ይበልጥ ነበር። እርግጥ ነው፣ ያው ሉመን በሰፊ ቦታ ሲበተን መካከሉ ይሳሳል፤ ስለዚህ ሰፊ ማዕዘን የፈለገ ሰው ሉመኑንም ከፍ ማድረግ አለበት። ለጥናት ግን ከኮርኒስ ይልቅ ከማይጽፈው እጅ በኩል የሚቆም የጠረጴዛ መብራት ይሻላል።

ሁለተኛው የቀለም ጉዳይ ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይጻፋል፤ 2700 ወደ ቢጫ ያደላል፣ 4000 መካከለኛ ነው፣ 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። አብዛኞቻችን 6500 የሚለውን የምንመርጠው ለምን እንደሆነ ሳስበው፣ ምክንያቱ ኩራዝ ይመስለኛል። በኩራዝና በፋኖስ ያደገ ሰው ቢጫ ብርሃንን ከድህነት፣ ነጩን ከሥልጣኔ ጋር አያይዞ ቢመለከት አይፈረድበትም። ነገር ግን ንጣት ብዛት አይደለም፤ 400 ሉመን ቢጫም ቢሆን ነጭም ቢሆን ያው 400 ሉመን ነው።

የእናቴ ችግር ግን ከዚህም የተለየ ነበር። አምፖሎች የነገሮችን ቀለም በማሳየት ችሎታቸው ይለያያሉ፤ ይህም ከ100 ታርሞ ሲ.አር.አይ. ተብሎ በካርቶኑ ላይ ይጻፋል። 80 የተለመደው ነው፤ 90ና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ቀዩን ከቡናማው አጥርቶ ይለያል። በእኔ ካርቶን ላይ ቁጥሩ ጭራሹን አልተጻፈም። ምስር ክክና የአፈር ጓል በደካማ ብርሃን ሥር መመሳሰላቸው እንግዲህ አያስገርምም። ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ ዓይኑ ከወጣቱ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል።

ስለ እግሩም ጥቂት ልበል። ጂ.ዩ. 10 የሚባለው፣ ሁለት ወፋፍራም ጫፎች ያሉት፣ በቀጥታ በ220 ቮልት ይሠራል። ቀጫጭን ጫፎች ያሉት ጂ.ዩ. 5.3 ግን 12 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ለሃሎጅን የተሠራው አሮጌ ትራንስፎርመር ደግሞ ጭነቱ ሲያንስበት ኤል.ኢ.ዲ.ውን ሊያርገበግብ ይችላል። የተቃጠለውን አምፖል ይዞ መሄድ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ርካሹን እየገዙ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይሻላል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ውድ የሆነ ሁሉ መልካም አይደለምና ንግግራቸው ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ ኤል.ኢ.ዲ. ላይ ቶሎ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ብርሃን የሚያወጣው ክፍል ሳይሆን በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ነው። ይህን የሚጎዳው ሙቀትና የቮልቴጅ መዋዠቅ ስለሆነ፣ ኮርኒስ ውስጥ ለሚቀበር አምፖል ሙቀት የሚያስወጣ ደህና አካል ያስፈልገዋል፤ መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈርም በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የቮልት ወሰን ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ርካሹ የሚረክሰው በእነዚህ ክፍሎች ላይ ተቆጥቦ ሊሆን ይችላል።

በሁለተኛው ጊዜ ስድስት አልገዛሁም። አንድ ብቻ ገዝቼ፣ ደረሰኙን አስቀምጬ፣ ማታ ከጠረጴዛው በላይ አስገባሁት። 4000 ኬልቪን፣ 60 ዲግሪ፣ ሲ.አር.አይ. 90 ነበር። እናቴ አንድ ሰፌድ ምስር ለቀሙበት፤ ልጄም አንድ ምዕራፍ አነበበችበት። በማግስቱ ሦስት ጨመርኩ። ካለፉት ነጫጮች በሕይወት የቆዩት ደግሞ ዛሬም በበሩ በኩል ይበራሉ፤ እዚያ ጫማ ከማውለቅ በቀር የሚሠራ ሥራ የለም።