መንገድ ብቻውን የጭነት ፖሊሲ አይሆንም

በኢትዮጵያ የጭነት ትራንስፖርት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት ተነጠፈ፣ ዕቃስ ከጂቡቲ በስንት ቀን ገባ በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ይቀራል። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን መንገድ ከተሠራና የወደቡ አገልግሎት ከተቀላጠፈ ሌላው በራሱ ይስተካከላል የሚለው ሥር የሰደደ እምነት ስሕተት ነው። የጭነት ፖሊሲ ማለት የትኛው ጭነት በምን ይጓጓዝ፣ ከአንዱ ማጓጓዣ ወደ ሌላው የት ይዛወር፣ ወጪውንስ ማን ይሸከም ለሚሉት ጥያቄዎች አስገዳጅ መልስ የሚሰጥ ብሔራዊ ውሳኔ ነው።

ሰሜን ሸዋ ይህን ጥንት ያውቀው ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ በረሃውን በግመል አቋርጦ ከአንኮበር ግርጌ ፋሬ ሲደርስ ጭነቱን ያራግፍ ነበር፤ ግመል ዳገቱን አይደፍርምና ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበት የአህያ፣ የበቅሎና የተሸካሚ ድርሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ተመርቶ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም ጓዙን ከግመል አውርዶ አንኮበር የወጣው በዚሁ ሥርዓት ነው። የአልዩ አምባ ገበያ የደራውም ቆላና ደጋ፣ አሞሌና እህል የሚገናኙበት ስፍራ በመሆኑ ነው።

ዛሬ ከአንኮበር ገጠር የተነሳ የገብስ ጆንያ በአህያ ጀርባ እስከ መኪና መንገድ ይደርሳል፣ በአይሱዙ ተጭኖ ደብረ ብርሃን ይገባል፣ ከነጋዴው መጋዘን በር ተራግፎ እንደገና ወደ ተሳቢ ይሸጋገራል። በየማራገፊያው የጫኝና አውራጅ ሒሳብና የደላላ ድርሻ፣ በየኬላው ደግሞ ኮቴ የሚባለው ክፍያ ይጨመርበታል፤ ጆንያው ግን ያው ጆንያ ነው፣ ገበሬው የሚያገኘው ብቻ ይቀንሳል። መዛወሩ እንደ ጥንቱ አለ፣ የታሰበበትና የተደራጀ የመዛወሪያ ስፍራ ግን የለም።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠችው ደብረ ብርሃን የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካዎች አሏት፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ወደ ከተማዋ የሚገባው ከባድ ጭነት ግን ዳገቱን የሚወጣው በናፍጣ መኪና ነው። የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ቢሠራም ደብረ ብርሃንን አይነካም፤ ከአዋሽ በሸዋ ቆላ አልፎ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ እንዲሄድ የተጀመረው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመርም ግንባታው ቢገፋም መደበኛ የጭነት አገልግሎት አልጀመረም። ሐዲዱን የሚዘረጋ፣ ፓርኩን የሚገነባና መንገዱን የሚያነጥፍ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ሲያስመርቅ፣ ከደጋው ፋብሪካ ወደ ቆላው ሐዲድ የሚወርደው ጭነት የት ይከማች፣ በማን ይጫን የሚለው ጥያቄ ባለቤት አጥቶ ቀርቷል።

የትኛው ጭነት በምን ይጓጓዝ የሚለውን ገበያው ይወስን የሚል መከራከሪያ ይነሳል፤ እሱም አይጸናም። በመንገድ መሐንዲሶች ዘንድ በታወቀው ስሌት በአንድ አክስል፣ ማለትም ጎማዎቹን በሚያገናኘው ብረት፣ ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ያድጋል፤ ከልኩ በላይ የጫነ ባለመኪና ግን ይህን ጉዳት አይከፍልም፣ ስለዚህም መኪናው ከባቡር የሚረክስ ይመስላል። ተራራማዋ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከባድ መኪናን በክብደቱና በተጓዘው ርቀት ልክ እያስከፈለች ከገቢው ብዙውን ለባቡር የምታውለው ይህንኑ ሐሰተኛ ርካሽነት ለማረም ነው።

ብሔራዊ ፖሊሲው እንግዲህ ከጂቡቲ ሳይሆን ከአህያዋ ጀርባ መጀመር አለበት፤ የገጠሩን መንገድ፣ የደብረ ብርሃንን መጋዘንና የሸዋ ቆላን ባቡር ጣቢያ እንደ አንድ መስመር አይቶ በጀት ይመድብ፣ የኬላውን ኮቴ በአንድ ሕግ ይወስን፣ ፋብሪካ ላይ ዕቃ ያራገፈ ተሳቢም ባዶውን እንዳይመለስ የመመለሻ ጭነት በግልጽ የሚታወቅበትን ሥርዓት ያቁም።