ያለ ደመወዝ የተጀመረ ሥራ

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤታችን ቡና አፍልታ ጠርታን ሳለ የሚያሳዝናትን ነገር አጫወተችን። ልጅዋ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ከከረመች በኋላ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያለ ደመወዝ ለማገልገል ተነሥታለች። እናትየዋም፣ «ይህን ያህል ዓመት ያስተማርኋት የመጽሐፍ አቧራ እንድታራግፍ ነውን?» አለችን። የእናት ቅሬታ ነውና አልነቀፍናትም፤ ልጂቱ የያዘችው መንገድ ግን ከንቱ አይደለም።

የመጻሕፍትን አመዳደብ ከመምህር ይማሩታል። ሜልቪል ዴዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥርዓት ሃይማኖት በ200፣ ታሪክ በ900 እንደሚመደብ፣ የኢትዮጵያም ታሪክ ቍጥሩ 963 እንደ ሆነ በክፍል ውስጥ ይነገራል። ነገሩ የሚከብደው መደርደሪያው ፊት ሲቆሙ ነው። የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም፤ ስለዚህ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የሚፈለገው በ«ሐ» ነው፤ በባዕድ ልማድ የተዘጋጀ መዝገብ ግን በ«ዓ» ያስገባው ይሆናል። ደግሞም «ሐ»ን በ«ሀ»፣ «ሠ»ን በ«ሰ»፣ «ጸ»ን በ«ፀ» እየለዋወጥን የምንጽፍ ሰዎች ነን፤ መጽሐፉ በአንደኛው ፊደል ተመዝግቦ በሌላው ሲፈለግ፣ አንባቢው «የለም» ተብሎ ይመለሳል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ይህን ቍጥር እንደ አውሮፓ ዘመን አድርጎ የሚመዘግብ ሰው መጽሐፉን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ዓይን ለይቶ የሚያውቀው ብዙ መጻሕፍት በእጅ ካለፉ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ከአንባቢ ጋር መገናኘቱ ነው። አንድ ዓይነ አፋር ተማሪ መጥቶ «ያ ሽፋኑ ቀይ የሆነው» ብቻ ቢል፣ የሚፈልገውን ሳያሳፍሩ ጠይቆ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህ ትዕግሥት የሌለው ሰው ለሥራው እንዳልተፈጠረ ቶሎ ቢረዳ፣ ሠላሳ ዓመት ተማርሮ ከመኖር ይድናል። ያለው ደግሞ ቀጣሪ «ምን ሠርተሻል?» ሲላት የምታሳየው መዝገብ፣ የሚመሰክርላት አለቃ ይኖራታል።

ወላጆች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አገልግሎቱ ቀንና ሰዓቱ፣ የሚያበቃበትም ወር አስቀድሞ ይነገር፤ የምስክር ወረቀትም ይጠየቅ። በጀት እያለው ወጣትን ሁለትና ሦስት ዓመት በነጻ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ይህን ቍጠባ ብሎ ይጠራው ይሆናል፤ እኛ ሌላ ስም አለን።

ጎረቤታችን በዚህ ሳምንት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዳ ነበር። ልጅዋ ከአንድ ሕፃን አጠገብ ተንበርክካ ከታችኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ስትፈልግ አይታ፣ ሳትጠራት ተመለሰች። አሁን የምታማክረን፣ ትምህርት ቤቱ የአውቶቡሱን ሒሳብ እንዲችል ልጅዋ ብትጠይቅ ነውር ይሆን እንደ ሆነ ነው። ነውር የለበትም ብለናታል።