የደባርቅና የዳባት የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ወደ ሃይብሪድ ቢለወጡ ያዋጣል?

በሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ በደባርቅና በአጎራባቿ ዳባት የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉባቸው ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው በናፍጣ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ናፍጣው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጓጉዞ የሚመጣ ነው። ከ2014 ዓ.ም መገባደጃ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው በሕዝብ ማመላለሻ ላይ እንዲያተኩር እየተደረገ ከሌሎች ተሽከርካሪዎች ደረጃ በደረጃ በመነሣቱ የመሥሪያ ቤቶች ወጪ ከብዷል። በመሆኑም ነባሮቹን ተሽከርካሪዎች ወደ ሃይብሪድ የመለወጥ ሐሳብ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል።

ሃይብሪድ ተሽከርካሪ ከነዳጅ ሞተሩ ጋር የኤሌክትሪክ ሞተርና አነስተኛ ባትሪ ያለው ሲሆን፣ ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እንደ አዲስ አበባ መቆምና መነሣት በሚበዛበት መንገድ ነው። በስሜን ግርጌ ግን ነዳጁን የሚበላው ዳገቱ ነው።

ለዚህ ሊማሊሞን መመልከት ይበቃል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ዓመታት እኤአ የቀየሱት ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ከደባርቅ ተነሥቶ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 2 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 5 ነጥብ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የተለመደው የሃይብሪድ ባትሪ የሚይዘው ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት በመሆኑ፣ ሰበቃው የሚወስደው ቢቀነስ እንኳ ባትሪው ገና ቁልቁለቱ ሳያልቅ ይሞላል። የቀረው ኃይል እንደ ድሮው በፍሬንና በማርሽ ይባክናል። ባትሪውና ተጨማሪው ሞተር በጭነት ላይ ጭነት መሆናቸውም አይዘነጋም። ያረጀን የናፍጣ ፒክአፕ ለመለወጥ የሚወጣው ገንዘብ፣ በአቅራቢያው ሠልጥኖ የሚጠግን መካኒክ ካለመኖሩ ጋር ሲታይ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት አያዋጣም።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ተሽከርካሪ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። 5 ሺህ 150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ከዚህም በላይ፣ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደባርቅ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አያስፈልገውም። ትልቁ ባትሪውም፣ ደባርቅ ላይ ጢም ብሎ ካልተሞላ በስተቀር፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ኃይል አብዛኛውን ሊቀበል ይችላል።

ሆኖም ግድቡ ኃይል ማመንጨቱ ብቻ በዳባት ለሚቆም መኪና ዋስትና አይሆንም። መሥመሩ ሲቋረጥ ተሽከርካሪውም ይቆማል። ስለዚህ ከግዥው በፊት ሊገለጥ የሚገባው የስምሪት መዝገብ ነው። በከተማ ውስጥና ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የዳባት ደባርቅ አስፋልት ላይ የሚመላለሱት በኤሌክትሪክ ቢተኩ፣ ማታ በግቢ ተሰክተው ማደር ይችላሉ። ወደ ቆላ ቀበሌዎች የሚወርዱት፣ በተለይም በማንኛውም ሰዓት የሚጠሩት አምቡላንሶች፣ የኃይል መሙያና ጥገና በየመንገዱ እስኪዘረጋ ድረስ በናፍጣ መቆየት ይኖርባቸዋል።