ጉዲፈቻ ወላጅ መጨመር ነው

አማርኛችን ከጎረቤት ቋንቋዎች ከተቀበላቸው ቃላት መካከል «ጉዲፈቻ» የሚለውን ያህል ከባድ አደራ የተሸከመ ቃል ጥቂት ነው። ቃሉ የኦሮምኛ ነው፤ ሥሩም ማሳደግ ማለት ነው። ዛሬ በሕግ መጽሐፍም፣ በፍርድ ቤት መዝገብም፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤትም ይገኛል። ነገር ግን ቃሉን ስንወስድ ከነሙሉ ትርጉሙ ወስደነዋልን? ወይስ ስሙን ብቻ ይዘን ምግባሩን በመንገድ ጥለነዋል? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎችና አዲስ ሥራ ለያዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ መልሱ ያለው በእነርሱ እጅ ነውና።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ወደምትገኘው ወደ አሰላ የደረሰ ሰው፣ ስንዴና ገብስ በሚለመልምበት በዚያ ደጋ አገር ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ ጉዲፈቻ ምን እንደ ሆነ ይነግሩታል። ልጅ ያልወለደ፣ ወይም ወልዶም ሌላ ልጅ የሚሻ ቤተ ሰብ፣ የልጁን ወላጆች በሽማግሌ አስጠይቆ፣ ዘመድና ጎረቤት በተሰበሰበበት «ልጄ ነው» ብሎ ይቀበላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ በአሳዳጊው ስም ይጠራል፤ ይወርሳል፤ ከአብራክ የተገኘ ልጅ ያለው መብትና ግዴታ ሁሉ ይኖረዋል። ይህም ሁሉ ሆኖ የወለደችው እናት የት እንዳለች ይታወቃል፤ የዘሩም ነገር አይረሳም። በአማራው አገርም አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ልጁን በማስጠባት የሚፈጽመው የጡት ልጅነት የዚሁ ዘመድ ነው። እንግዲህ በአባቶቻችን ዘንድ እንዲህ ላለው ልጅ ወላጅ ተጨመረለት እንጂ ወላጁ አልተለወጠበትም።

ሕጋችንም ይህን መንፈስ አልዘነጋም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቈጠር ካስታወቀ በኋላ፣ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋር ያለውም ግንኙነት እንደ ተጠበቀ እንደሚቆይ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ግን የአሳዳጊው ቤተ ሰብ እንደሚቀድም ይደነግጋል። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ኦሮሚያን የመሳሰሉት ክልሎች የየራሳቸው የቤተ ሰብ ሕግ አላቸው።

አሁን ወደ ሌላው የነገሩ ፊት እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ከአሜሪካ፣ ከስፔን፣ ከፈረንሳይ፣ ከጣልያን የመጡ ባልና ሚስት ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ታቅፈው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይታዩ ነበር። እነዚህ ሰዎች ብዙ ወረቀት አሟልተው፣ ብዙ ገንዘብ አውጥተው፣ ወራትና ዓመታት ጠብቀው የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የመጡት በቅን ልቡና መሆኑን አንጠራጠርም። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 የሚበልጡ የኢትዮጵያ ልጆች በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ በዚያ ዓመት ለአሜሪካ ቤተ ሰቦች ከኢትዮጵያ የበለጠ ልጅ የሰጠች አገር ቻይና ብቻ ነበረች።

ችግሩ የነበረው በተጓዦቹ ልብ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በቃሉ ውስጥም ነበር። በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት አንድ ወረቀት ላይ «ጉዲፈቻ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ከገጠር የመጣው አባት የሚረዳው የአባቶቹን ጉዲፈቻ ነው። ልጁ ተምሮ፣ አድጎ፣ አንድ ቀን ቤቱን አስታውሶ ይመለሳል፤ እስከዚያውም ወሬው ይሰማል፤ ዝምድናውም ይቀጥላል ብሎ ያስባል። የውጭው ቤተ ሰብ ግን በአገሩ ሕግ የሚረዳው ሌላ ነው፤ የቀድሞው ዝምድና በሕግ ፈጽሞ ተቆርጦ አዲስ ዝምድና ተተክቷል ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ የፈረሙት ግን በሁለት ነገር ላይ ነበር። በመካከሉም ድለላ ገባበት። ወላጅ ወይም ዘመድ በሕይወት እያለው «ማንም የለውም» ተብሎ የተመዘገበ ልጅ ጥቂት አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ሰው እናንሣ። በኒው ዮርክ በምግብ ሥራ ስሙ የገነነው ማርከስ ሳሙኤልሰን በኢትዮጵያ የተወለደ ካሳሁን የሚባል ሕፃን ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተች በኋላ እርሱና እኅቱ ወደ ስዊድን ሄዱ፤ በጎተቦርግ አንድ ቤተ ሰብ በፍቅር አሳደጋቸው። አሰላ ስዊድንን በደንብ ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ማዕከሉ እርሷ ነበረችና፣ የስዊድን ሰዎችን ደግነት አንክድም። ሆኖም ማርከስ ካደገና ስመ ጥር ከሆነ በኋላ የተረዳው ነገር ነበር፤ ሞቷል ብሎ ያሰበው ወላጅ አባቱ በኢትዮጵያ በሕይወት ነበር። እንግዲህ መልካም አስተዳደግ የተገኘበት ታሪክ እንኳ ይህን የመሰለ ጎዶሎ ካለበት፣ መልካም ያልሆነው ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ከኢትዮጵያ ወደ ዋሽንግተን ስቴት የተወሰደች አንዲት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሳዳጊዎቿ ግፍ ሕይወቷ አልፏል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ፍርድ ቤት አሳዳጊዎቿን ጥፋተኞች ብሏቸዋል። እኛም ይህን ሰምተን ያዘንነው ልጂቱ የእኛ ስለ ሆነች ነው።

መንግሥትም ነገሩን ቀስ በቀስ ማጥበቅ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ጉዳዩን የሚመለከተው ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይታዩ የነበሩትን ማመልከቻዎች ወደ 5 አወረዳቸው። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው ማሻሻያ የውጭ አገር ሰዎች የኢትዮጵያን ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ልጆችን ለውጭ ቤተ ሰቦች የሰጠችው ቻይናም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ይህንኑ በር ዘጋች፤ የቀረው ቀዳዳ የሥጋ ዘመድን ወይም የእንጀራ ልጅን ለሚወስዱ ብቻ ነው።

በሩ መዘጋቱን የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። «እዚህ ተርቦ ከሚያድግ እዚያ ጠግቦ ቢያድግ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ጥያቄው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። በማሳደጊያ ቤት አልጋ ላይ ተኝቶ የሰው እጅ የሚጠብቅ ሕፃን፣ ክብራችንን ሳይሆን ወተትና እቅፍ ነው የሚሻው። እኛ ግን የምንለው ይህ ነው፤ በሩን መዝጋት ትክክል የሚሆነው ውስጥ ያለው ሰው ልጁን ያነሣው እንደ ሆነ ብቻ ነው። በሩን ዘግቶ ልጁን ከደጃፍ የሚተው አገር፣ ከኩራት በቀር ምንም አላተረፈም። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ ያጡ ሕፃናትን በተለይ እንዲጠብቅና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን መንገድ የሚያመቻቹ ድርጅቶች እንዲቋቋሙ እንዲያበረታታ ያዛል። ትእዛዙ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ሕፃን አያጠባም።

ማሳደግ እንደሚቻል ያሳዩን ሰዎች አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ በወሎ ረኃብ የተጎዱ ሁለት ልጆች ይዘው ቤታቸው ገቡ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ቤታቸውንና ትዳራቸውን እስከ ማጣት ደርሰው አላፈገፈጉም። ከሁሉ ሰው እንዲህ ያለ ጀግንነት አይጠበቅም። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለውን የምናውቅ ሕዝብ ነንና፣ ለአንዲት እናት ሃያ አንድ የከበደው ለሃያ አንድ ቤት አንድ አንድ ሆኖ ቢደርስ ጌጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ከውጭው ሰው ይልቅ ራሳችንን የምንወቅስበት ነገር አለ። በከተሞቻችን «ከገጠር አምጥቼ የማሳድጋት ልጅ ናት» የምትባል ስንት ሕፃን አለች? የቤቱ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ እርሷ ውኃ ትቀዳለች፤ እርሱ ሲበላ እርሷ ታቀርባለች፤ እርሱ ሲተኛ እርሷ ዕቃ ታጥባለች። ይህን ጉዲፈቻ ብሎ መጥራት ቃሉን መስደብ ነው። ሕጉ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ቢይዝ ጉዲፈቻው ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል፤ ነገር ግን መዝገብ ላይ ያልሰፈረውን ማን ያፈርሰዋል? ውል ያልተጻፈላት፣ ምስክር ያልቆመላት ልጅ አቤት የምትልበት የላትም። የአርሲ ሽማግሌዎች ጉዲፈቻን በሕዝብ ፊት ማድረጋቸው ለድግስ ብቻ አልነበረም፤ ያየ ጎረቤት ሁሉ ነገ ጠያቂ እንዲሆን ነው።

የወጣቶቻችን ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል፤ በሕጉ እንዲመዘገቡ ከታዘዙት መካከል ከልደት፣ ከጋብቻ፣ ከፍቺና ከሞት ጋር ጉዲፈቻ አንዱ ነው። በቀበሌ ወይም በወረዳ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወጣት ሆይ፣ አንድ ሰው ልጅ ሊያሳድግ ወደ አንተ ሲመጣ «ነገ ተመለስ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን የምትመልሰው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያለውንም ሕፃን ነው። የወላጆቹን ስም ስትጽፍም በእውነት ጻፍ። ትናንት በአንድ የሐሰት መስመር «ወላጅ የለውም» ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቶት በባዕድ አገር እናቱን ይፈልጋል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም ልጁ ከተሰጠ በኋላ ደጁን ማንኳኳት፣ ደብተሩን ማየት፣ መኝታውን ማየት ይገባዋል። ተማሪዎችም ብትሆኑ በቤታችሁ አብራችሁ የምታድገውን ልጅ፣ እንደ እኅት ነው ወይስ እንደ አገልጋይ የያዝናት ብላችሁ ወላጆቻችሁን በአክብሮት ለመጠየቅ አትፍሩ።

የአርሲ ደጋ ለዓለም ብዙ ሯጮች ሰጥቷል፤ ስማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ይኸው አገር ከብዙ ዘመን በፊት የሰጠን ሌላ ሀብት ይህ ጉዲፈቻ የሚባለው ጥበብ ነው። ቃሉን ወስደን ሕግ አድርገነዋል፤ ምግባሩንም ወስደን ቤታችን እናድርገው። ሕፃኑ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መንገደኛ የማይጠብቅበት፣ የጎረቤቱን ደጅ ክፍት የሚያገኝበት ቀን እንዲመጣ የሚያደርጉት አዋጆች ብቻ አይደሉም፤ በየቤታችን ከማዕዱ ዙሪያ ለአንድ ሰው የምንጨምረው ስፍራም ነው።